ፖሊሱ ሌባው ላይ በስንት ሰዓት ይደርስበታል?

ቁጥር ፈርቼ አላውቅም። አንዳንድ ሰው ዘፈን አንዴ ሰምቶ ዜማውን እንደሚይዘው ሁሉ፣ እኔም ቁጥር አንዴ ካየሁ አይጠፋኝም። ማባዛትና ማካፈል የተማርኩት ሱዳን ድንበር ላይ ባለችው ኩርሙክ ነው፤ ክፍሏ ጠባብ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ ሙቀቷ የዳቦ ምድጃ በሆነች ትምህርት ቤት። መምህራችን ሰሌዳው ላይ ጽፎ ሳይጨርስ መልሱን ከመቀመጫዬ ሆኜ እጮሃለሁ። እሱም «አንቺ ልጅ፣ ሌሎቹም ይሥሩ እንጂ!» ብሎ ይቆጣኛል። ቁጣው ደስ ይለኝ ነበር።

ክልል የሚባለው ነገር ሲመጣ አሶሳ የክልላችን ዋና ከተማ ሆነች። ትናንት የእህል መጋዘን የነበረ ቤት ዛሬ ታፔላ ተሰቅሎበት ቢሮ ይሆናል። ከየአገሩ የተመደቡ ሠራተኞች ፍራሻቸውን በጭነት መኪና አስጭነው ይመጡና የሚከራይ ቤት ያጣሉ። ታላቅ ወንድሜ ከአዳዲሶቹ ቢሮዎች በአንዱ በተላላኪነት ተቀጠረ። አባቴ ከድንበሩ ወዲህና ወዲያ እየተመላለሰ የሚነግድ ሰው ነበር፤ እሱም «ልጆቹ አንድ ቦታ ይሁኑ» ብሎ ቤተሰቡን ጠቅልሎ አሶሳ አመጣን። እኔ ሚኒስትሪ የምፈተንበት ዓመት ነበር፤ ወደሚቀጥለው ደረጃ የሚያሳልፈውን ትልቁን ፈተና ያን ጊዜ ሁሉም ሚኒስትሪ ነበር የሚለው። ዕድሜዬ ከክፍሉ ልጆች ትንሽ ገፋ ያለ ነው። እንደ እኔ ዘግይተው የጀመሩ ብዙ ስለነበሩ ግን ማንም ልብ አላለውም።

ክፍላችን ውስጥ የሚነገረው አማርኛ ዓይነቱ ብዙ ነበር። የወለጋ ልጆች አማርኛ አለ፣ የመንግሥት ሠራተኞቹ ልጆች የአዲስ አበባና የጎጃም አማርኛ አለ፣ ከድርቁ በኋላ ከወሎ መጥተው በአሶሳ ዙሪያ የሰፈሩት ሰዎች ልጆች አማርኛ አለ። የእኛ የበርታዎቹ ደግሞ ወንድና ሴት አይለይም። እኔ ለምሳሌ የወንበር ጓደኛዬን ለብዙ ጊዜ «አንተ» ነበር የምላት።

እሷ የሰፋሪ ልጅ ናት። መንደራቸው ከከተማው ራቅ ስለሚል፣ ከሌሎች የመንደሯ ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ቤት ተከራይታ ነበር የምትማረው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ምላሷ የሰላ ልጅ ነበረች። አፏን ስትከፍት ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ አማርኛ በእሷ አፍ ሲነገር ሌላ ነገር ነው። ሂሳብ ሲመጣ ግን ትሸበራለች። ጥያቄውን አንብባ ሳትጨርስ ወደ እኔ ዞር ትልና፣ «ላባዛው ወይስ ላካፍለው?» ትለኛለች።

እኔ ደግሞ የምሸነፈው በቃላት ጥያቄ ነበር። ያን ዓመት የፍጥነት፣ የጊዜና የርቀት ጥያቄ የሚሉትን ጀመርን። ቀመሩ ቀላል ነው፤ ርቀት ማለት ፍጥነት ሲባዛ በጊዜ። ቀመሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ በአንድ ቀን እጨርሰው ነበር። ግን ቁጥሮቹ በአማርኛ ተጠቅልለው ነው የሚመጡት።

አንድ ቀን የሂሳብ መምህራችን፣ ከሸዋ ተመድበው የመጡ ችኩል ግን ቀና ሰው፣ ሰሌዳው ላይ እንዲህ ብለው ጻፉ። «አንድ ሌባ በሰዓት ስድስት ኪሎ ሜትር እየተጓዘ ሸሸ። ከአንድ ሰዓት በኋላ አንድ ፖሊስ በብስክሌት በሰዓት አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር እየነዳ ተነሣ። ፖሊሱ ሌባው ላይ በስንት ሰዓት ይደርስበታል?» ጽፈው ሲጨርሱ ዞሩና ወደ እኔ ጠቆሙ። ሂሳብ እንደምችል ያውቃሉ።

ተነሣሁ። «ይደርስበታል» የሚለውን ቃል አውቀዋለሁ ብዬ ነበር። አክስቴ ከዛፍ ወድቃ ስትሰበር ጎረቤት ሁሉ «ምን ደረሰባት?» ሲል ሰምቻለሁ። ስለዚህ ሌባው ላይ ክፉ ነገር የሚደርሰው መቼ ነው ተብዬ የተጠየቅሁ መሰለኝ። ትንሽ አሰብኩና ድምፄን ከፍ አድርጌ፣

«ጋሼ፣ ምንም አይደርስበትም!» አልኩ። «ሌባ ሄዷል። ፖሊስ ገና ቤቱ ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ኋላ የተቀመጡት ወንዶች ዴስኩን ደበደቡት። መምህሩ ራሳቸው ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዙረው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። የወንበር ጓደኛዬም አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትስቃለች።

«አንተ ለምን ሳቅክ?» አልኳት።

ይሄን ጊዜ የባሰ ሳቁ።

ሌላ ልጅ ብትሆን አልቅሳ ትወጣ ይሆናል። እኔ አላፈርኩም። ቁጥሩን እንደምችለው አውቃለሁ፤ የያዘኝ አንድ ቃል ነው፤ ቃል ደግሞ ይለመዳል። መምህሩ ሳቃቸውን ውጠው፣ «ስሌቱ አይከብድሽም፣ አማርኛውን አጥኚ» አሉኝና ሌላ ልጅ ጠሩ።

በዕረፍት ሰዓት ጓደኛዬን ከክፍሉ ጀርባ ጥላ ሥር ይዣት ሄድኩ። «አሁን አስረዳኝ» አልኳት። እሷም መጀመሪያ «አስረጂኝ ነው የሚባለው» አለችኝ፤ ቀጥላ አስረዳችኝ።

«ሰውየው ቤቱ ደረሰ ካልሽ ገባ ማለት ነው። ደረሰለት ካልሽ ከጭንቅ አወጣው። ደረሰው ካልሽ ድርሻውን አገኘ። ደረሰበት ካልሽ ግን ወይ መከራ አገኘው፣ ወይ ከኋላው የመጣ ሰው መንገድ ላይ አገኘው። ማሽላውም ደረሰ ይባላል። ልጅቷም ለጋብቻ ደረሰች ይባላል።»

«አንድ ቃል ይህን ሁሉ ሥራ ይሠራል?»

«ምን ይደረግ፣ አማርኛ ቤተሰቡ ብዙ ነው» ብላ ሳቀች።

ቃሉ ከገባኝ በኋላ ጥያቄውን እዚያው በቃሌ ሠራሁት። ፖሊሱ ሲነሣ ሌባው ስድስት ኪሎ ሜትር ቀድሞታል፤ በየሰዓቱ ደግሞ ፖሊሱ ስድስት ስድስት ኪሎ ሜትር ይቀርበዋል። አንድ ሰዓት። ነገርኳት። እሷ ግን ሌላ ነገር ነበር የምታስበው።

«ለመሆኑ ሌባው ምን ሰርቆ ነው?»

«አልተጻፈም።»

«ታዲያ ከባድ ዕቃ ከሆነ እንዴት በሰዓት ስድስት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?»

የሁለታችንም በሽታ ያን ቀን ተገለጠልኝ። እኔ ታሪኩን ዘልዬ ቁጥሩን አያለሁ፤ እሷ ቁጥሩን ዘልላ ታሪኩን ታያለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አብረን ማጥናት ጀመርን። እሷ ጥያቄውን ታነብልኛለች፤ እኔ «ማን ቀድሞ ተነሣ? አብረው ነው የተነሡት? አቅጣጫቸው አንድ ነው?» እያልኩ እጠይቃታለሁ፤ የገባኝን በበርታኛ ለራሴ እደግመዋለሁ። ከዚያ እኔ እኩልዮሹን ጽፌ እሰጣታለሁ። አማርኛዬ በየሳምንቱ ይሻሻል ጀመር። «አንተ» ማለትም ተውኩ። የእሷ ሂሳብ ግን ከቦታው አልነቃነቅ አለ። ኤክስ የምትባለዋን ፊደል ስታይ ፊቷ ይጠቁራል። «ይቺ ኤክስ ማን ናት? ስሟን ደብቃ ምን ልትሆን መጣች?» ትላለች።

ሚያዝያ ላይ የሞዴል ፈተና ተፈተንን። ውጤቱ በተነገረ ማግስት መቀመጫዋ ባዶ ነበር። አብረዋት የሚኖሩትን ልጆች ጠየቅሁ። «ሂሳብ ስለወደቀች ወደ ቤቷ ሄደች» አሉኝ። «ጎህ ሲቀድ ዕቃዋን ጠቅልላ ወጣች። ትምህርት በቃኝ ብላለች።»

ያ ቀን ደግሞ የሚኒስትሪ ተፈታኞች ምዝገባ የሚያበቃበት ነበር። ያልፈረመ አይፈተንም። ቀጥ ብዬ መምህሩ ዘንድ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ይፍቀዱልኝ፣ ሄጄ ልመልሳት።»

«በምን?»

«በወንድሜ ብስክሌት።»

ሰዓታቸውን አዩ። «ከወጣች ሁለት ሰዓት ሆኗታል እኮ። ትደርሺባታለሽ?»

«እሷ በእግሯ በሰዓት አምስት ኪሎ ሜትር ብትሄድ ነው፤ ዕቃም ይዛለች። እኔ አሥራ አምስት እነዳለሁ። በአንድ ሰዓት እደርስባታለሁ።»

መምህሩ ትክ ብለው አዩኝ። ከጥቂት ወር በፊት «ፖሊስ ገና ቤቱ ነው» ያልኩት እኔ ነኝ። «ሂጂ» አሉ። «መዝገቡን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ክፍት አስቆይልሻለሁ። ከዚያ በላይ አልችልም።»

የወንድሜ ብስክሌት ከኩርሙክ ወዲያ ተገዝቶ የመጣ፣ እንደ ዓይኑ ብሌን የሚጠብቀው ነው። ቢሮው ደጃፍ ግድግዳ ተደግፎ አገኘሁት። ወንድሜ ውስጥ ነው፤ ብጠይቀው እንደማይሰጠኝ አውቃለሁ። አልጠየቅሁትም። ቀሚሴን ሰብስቤ አሰርኩና ወጣሁበት።

ያን ጊዜ አሶሳ ውስጥ ሴት ልጅ ብስክሌት ስትነዳ ማየት እንግዳ ነገር ነበር። ገበያው ጋ ሰው ቆሞ አየኝ። ከከተማው ስወጣ፣ በትከሻቸው ባደረጉት እንጨት ጫፍና ጫፍ ሸክማቸውን አንጠልጥለው ወደ ገበያ የሚመጡ የእኛ ሴቶች መንገድ ለቀቁልኝ። አንዷ በበርታኛ «ይቺ የማን ልጅ ናት?» ስትል ሰማሁ። የአባቴን ስም ጮክ ብዬ ነግሬያቸው አለፍኩ። የምደብቀው ነገር የለኝም።

መንገዱ ቀይ ጠጠር ነው። ቁልቁለቱ ላይ እበርራለሁ፤ ዳገቱ ላይ ወርጄ እገፋለሁ። አንዴ ካቴናው ወለቀብኝና እጄ ግራሶ በግራሶ ሆነ። እየነዳሁ ሳሰላ፣ የትና መቼ እንደማገኛት ቁጥሩ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። እሷ ሁለት ሰዓት ቀድማለች፤ አሥር ኪሎ ሜትር ማለት ነው። እኔ በየሰዓቱ አሥር እቀርባታለሁ። አንድ ሰዓት፤ አሥራ አምስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ። ዳገቱ ትንሽ ያዘገየኝ ይሆናል፤ እሷም ዕቃዋ ያዘገያታል።

ሳስበው ከነበረው ቦታ ብዙ ቀድሜ አገኘኋት። ከወንዙ ድልድይ ማዶ፣ ከመንገዱ ወረድ ብሎ ትልቅ ማንጎ አለ። ፍሬው በስሎ መሬት ላይ ረግፏል። እሷ ጥቅሏን ከጎኗ አስቀምጣ ግንዱን ተደግፋ ተቀምጣለች። ስታየኝ ብድግ አለች።

«አንቺ! ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

«ልወስድሽ። ዛሬ ምዝገባው ያበቃል።»

«አልመለስም። እኔ ለሂሳብ አልተፈጠርኩም። ለምን ልልፋ?»

«ታዲያ ለምን እስካሁን ቤትሽ አልገባሽም?»

ቁጭ ብላ በእጇ የማንጎውን ቅጠል መሰባበር ጀመረች። «ለአባቴ ምን እንደምለው እያሰብኩ ነው» አለችኝ። «ትምህርት ቤት ሲያስገባኝ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ‹እኔን ሰው ጭኖ ነው ያመጣኝ፤ የት እንደምወርድ እንኳ አልተነገረኝም። አንቺ የምትሄጂበትን አውቀሽ ሂጂ› ነው ያለኝ። አሁን ምን ልበለው? አንዲት ኤክስ አሸነፈችኝ ልበለው?»

እንደ እሷ የሚናገር ምላስ የለኝም። አጠገቧ ተቀመጥኩና አንድ ማንጎ አንሥቼ ላጥኩ። ግማሹን ሰጠኋት። በላን። ከዚያ እንዲሁ፣

«በአንድ ሰዓት እይዛታለሁ ብዬ ነበር ለመምህሩ የነገርኳቸው» አልኩ። «ቀድሜ አገኘሁሽ።»

«ተቀምጬ ነዋ!» አለችኝ። «ባልቀመጥ ኖሮ መቼ ታገኚኝ ነበር?»

«ሥሪው።»

«እኔ?»

«መንገዱን የሄድሽው አንቺ ነሽ። በሰዓት አንቺ አምስት ኪሎ ሜትር፣ እኔ አሥራ አምስት፤ አንቺ ሁለት ሰዓት ቀድመሻል።»

ቀና ብላ መንገዱን አየች፤ ወደ አሶሳ፣ ከዚያ ወደ መንደራቸው። ግንባሯ ተቋጠረ። «ቆይ» አለች። «ቆይ እስቲ። አንቺ ስታገኚኝ እኔም እዚያ ነኝ፣ አንቺም እዚያ ነሽ።»

«አዎ።»

«ሁለታችንም የተነሣነው ከአሶሳ ነው። ስለዚህ የሄድነው መንገድ አንድ ነው! እኔ ብዙ ሰዓት ሄጄ፣ አንቺ ጥቂት ሰዓት ነድተሽ፣ መንገዱ ግን እኩል ነው!»

ልቤ ዘለለ፤ አፌን ግን ዘጋሁ። ለወራት እኩልዮሽ ስጽፍላት የእኩል ምልክቷ ምንን ከምን ጋር እንደምታስተካክል አልነገርኳትም ነበር። ለእኔ ግልጽ ስለነበር የሚነገር ነገር አልመሰለኝም። እሷ እንጨት አንሥታ ቀዩ አፈር ላይ መጻፍ ጀመረች። «አንቺ የነዳሽበትን ሰዓት አላውቀውም። እሱ ኤክስ ይሁን። የእኔ ከእሱ በሁለት ይበልጣል።» ጻፈች። አምስት ጊዜ፣ በቅንፍ ኤክስ ሲደመር ሁለት። የእኩል ምልክት። አሥራ አምስት ኤክስ። ቅንፉን ፈታች፤ አሥሩን ብቻውን አስቀረችው፤ አካፈለች።

«አንድ!» ብላ ጮኸች። «አንድ ሰዓት! ስለዚህ አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር...» ቆም አለችና እንጨቱን ጣለች። «ወየው ጉዴ! የመንደራችን መግቢያ ላይ ነው እኮ! አባቴ ሁለታችንንም አብሮ ይቀበለን ነበር!»

እስክንንፈራፈር ሳቅን። ሳቁ ሲበርድ ጥቅሏን አነሣችና ብስክሌቱ ኋላ ያለው ብረት ላይ በገመድ አሰረችው። እንመለስ አላልኳትም፤ እሷም እንመለስ አላለችኝም። ዳገቱን ተራ በተራ ገፋን። ቁልቁለቱ ላይ እሷ ፊት ለፊት ብረቱ ላይ ተቀምጣ፣ እኔ በትከሻዋ ላይ አሻግሬ ለማየት አንገቴን እያሰገግሁ ወረድን። አንዴ ወደቅን፤ ጉልበቴ ተላጠ፤ ተነሥተን ቀጠልን።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ወንድሜ ቆሟል። ብስክሌቴ ተሰረቀ ብሎ ከተማውን ሲያስስ ውሎ፣ በመጨረሻ የገበያ ሰዎች «እህትህ ናት» ብለውታል። ሊጮህብኝ አፉን ሲከፍት የወንበር ጓደኛዬ ቀደመችው። «ወንድምዓለም፣ አብሽር፣ ብስክሌትህ ደህና ነው፤ ነፍስ ነው ያዳነ» አለችው በዚያ በወሎ አማርኛዋ። ወንድሜ ብስክሌቱን ተቀብሎ እየወለወለ ሄደ። እኛም ገብተን እሷ ፈረመች። መምህሩ ስሟ ላይ ምልክት አደረጉና ግራሶ የነካውን እጄን አይተው መሐረባቸውን አቀበሉኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ቀላል ነበር አልልም፤ ግን መንገድ የያዘ ሥራ ነበር። በቃላት ጥያቄ እሷ ትቀድመኝ ጀመር። ጥያቄው ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ የምታውቀው ሰው ታደርገዋለች። ሁለት መኪኖች ከሁለት ከተማ አንዱ ወደ ሌላው አቅጣጫ ተነሡ ሲባል እኔ ገና ቃሉን ሳጣራ፣ እሷ «እነዚህ አንዱ ሌላውን አያሳድድም፣ ይገናኛሉ፤ መንገዱን ለሁለት ነው የሚካፈሉት፤ ፍጥነታቸው ይደመራል» ትለኛለች። እኔም እሷ ካልነገረችኝ እንዳልጠፋ፣ ጥያቄን እስከ መጨረሻው ሳላነብ እርሳስ እንዳላነሣ ራሴን አስለመድኩ። መምህሩም ዘዴያቸውን ለወጡ። የቃላት ጥያቄ ከጻፉ በኋላ መልስ ከመጠየቃቸው በፊት አንድ ልጅ ያስነሡና «ታሪኩን ንገረን» ይላሉ። በርታ ከሆነ በበርታኛ፣ ኦሮሞ ከሆነ በኦሮምኛ። ክፍሉ መጀመሪያ ሳቀ፤ ኋላ ለመደ።

ሰኔ ላይ ተፈተንን። ከፈተናው ክፍል ስወጣ እሷ ቀድማኝ ወጥታ ደጃፉ ላይ ትጠብቀኛለች። መልሶቻችንን አስተያየን። የፍጥነቱን ጥያቄ ሁለታችንም አንድ ዓይነት ሠርተነዋል። እኔ አልተጨነቅሁም። እሷ ግን ክረምቱን ሙሉ ስትጨነቅ ከረመች።

ዛሬ እሷ ባምባሲ ውስጥ ነርስ ናት። እኔ የሂሳብ መምህርት ሆኜ በክልሉ ሦስት ወረዳ አስተምሬያለሁ፤ ግልገል በለስም ጭምር። ከሁሉም ግን ትዝ የሚለኝ ውጤት የወጣበት የክረምት ቀን ነው።

ሁለታችንም አለፍን። ያን ዕለት ዝናብ ቢሆንም እንሂድ አለችኝና፣ አባቴን አስፈቅደን በእግራችን መንደራቸው ሄድን። አባቷ ማሳ ውስጥ ነበሩ፤ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ሰውነታቸው የደረቀ ገበሬ። ከበቆሎው መሃል ብቅ ብለው ሲያዩን ልጃቸው ከሩቁ «አለፍኩ!» ብላ ጮኸች። ሰውየው ማጭዳቸውን አስቀምጠው እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ እኛም «አሚን» አልን። የእኔ ቤተሰብም ሙስሊም ስለሆነ ያን ለማለት የሚያስተምረኝ አላስፈለገኝም።

ከዚያ እሸት በቆሎ ቆርጠው ማሳው ዳር ባለችው ጎጆ ውስጥ እሳት ላይ ደረደሩልን። ልብሳችን እየተነነ ተቀመጥን። በቆሎውን እያገላበጡ፣

«ሂሳቡስ?» ብለው ልጃቸውን ጠየቋት። «ያ ሂሳብ የሚሉት ምን አደረገሽ?»

«ሂሳብማ ቀላል ነው፣ አባባ።»

«ማን አስተማረሽ?»

እኔ ላይ እንድትጠቁም ጠብቄ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። እሷ የበሰለውን በቆሎ እየነጠቀች፣ «ራሴ ነኝ!» አለች። «እሷማ ብስክሌት ከመንዳት በቀር ምን አደረገች?»

አባቷ ወደ እኔ ዞሩ። «እውነት ነው፣ የኔ ልጅ?»

ትንሽ አሰብኩበት። «እውነት ነው፣ አባባ» አልኳቸው። «ራሷ ናት የሠራችው።»

ሰውየው ራሳቸውን ነቀነቁና ትልቁን በቆሎ ለእኔ ሰጡኝ።